ካዛንቺስ፤ ቤቱና ሕጉ

የካዛንቺስ ስም በፋሺስት ወረራ ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት አጠራር፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ»፣ የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ያ መንግሥት ለሠራተኛው ቤት ሲሠራ ከማን ጋር እንደሚኖርበትም ይደነግግ ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ኢጣሊያዊ እስከ 5 ዓመት ያሳስር ነበር። ስለ ወንድና ወንድ ፍቅር ግን ሕጉ ዝም ብሏል። ዝምታው ምሕረት አልነበረም፤ በ1931 ዓ.ም. የካታኒያ ፖሊስ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ሳን ዶሚኖ ደሴት አግዟል።

በእኛ አገር የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ነገሩን በግልጥ ከለከለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ፤ የገዛ አገራቸው ሕግ ግን ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ለአካለ መጠን የደረሱትን በዚህ አይከስም ነበር። ይህ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በ1996ቱ ሕግም ቁጥሩ 629 ሆነ እንጂ ክልከላው ጸና።

እንግዲህ በቂርቆስ ሁለት ወንዶች ተዋደው፣ አንዱ ለወላጆቹና ለቤተ ክርስቲያኑ ግዴታ ሲል ሚስት አግብቶ ቢለያዩ፣ ለታሪክ ጸሐፊ የሚተርፈው የጋብቻው ወረቀት ብቻ ነው። ደብዳቤ ቢኖር እንኳ ባለቤቱ ራሱ ያቃጥለዋል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ የግድግዳውን ውፍረትና የጣሪያውን ዓይነት መመዝገብ ይቻል ነበር፤ በዚያ ጣሪያ ሥር ማን ማንን ይጠብቅ እንደ ነበር ግን ከፕላን ላይ አይነበብም።