ካስቴሊ (ምግብ ቤት)

ካስቴሊ በአዲስ አበባ ፒያሳ የተቋቋመ፣ በአንድ ቤተሰብ እጅ ከአንድ ትውልድ በላይ የዘለቀ የጣሊያን ምግብ ቤት ነው። መሥራቹ ፍራንቼስኮ ካስቴሊ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዪቱን በያዘችበት ዘመን ከወራሪው ጦር ጋር የመጣ ሲሆን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከድል በኋላ ሕዝቡ ጣሊያኖችን እንዳይበቀል ባሳሰቡ ጊዜ በኢትዮጵያ ከቀሩት አንዱ ነበር። ከዚህ ምሕረት ውጭ የቤቱን ታሪክ መረዳት አይቻልም።

የቤቱ ዝና የተመሠረተው በእጅ በሚሠራ ፓስታ ላይ ነው። ትኩስ ፓስታ ማለት ዱቄት በእንቁላል ተለውሶ፣ ሊጡ እስኪለሰልስ ታሽቶ፣ እንደ ጨርቅ ስስ ሆኖ ከተዳመጠ በኋላ በሪባን መልክ የሚቆረጥ ሲሆን፣ ሳይደርቅ ስለሚቀቀል ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። እንቁላል ስላለበት ግን የፍስክ ምግብ ነው፤ በከተማው ረቡዕና ዓርብ በቲማቲም ስጎ (ከጣሊያንኛ የተወረሰ የማባያ ስም) የሚበላው የጾም ፓስታ ከዱቄትና ከውኃ ብቻ የሚሠራው ደረቁ የፋብሪካ ፓስታ ነው።

የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። ከተማው እንዲህ ሲሰፋ ፒያሳ፣ ማለትም በጣሊያንኛ «አደባባይ»፣ የነጋዴው ማዕከል መሆኑ ቢቀንስም፣ ካስቴሊ የውጭ አገር እንግዶችንና ዲፕሎማቶችን ወደ አሮጌው ሰፈር መሳቡን ለረጅም ዘመን ቀጥሏል።