ከእሳትና ከመጥረቢያ በኋላ የበቀለ ደን

በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት 42 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ጫፉ ሲቃረብ ቀጥ ብሎ መሄዱን ይተዋል። ጊልስ ሮክ የተባለችውን መንደር አልፎ ወደ ኖርዝፖርት የጀልባ ማረፊያ ሲያመራ፣ ተራራም ወንዝም ሳያስገድደው ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ደግሞ ወደ ግራ ይመለሳል። በኦክቶበር አጋማሽ ግራና ቀኝ የቆሙት የሜፕልና የበርች ዛፎች ቢጫና ቀይ ሲለብሱ አሽከርካሪው ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከእያንዳንዱ ኩርባ ጀርባ ሌላ ቀለም ይጠብቀዋል።

ከቺካጎና ከሚልዋኪ ቅጠል ለማየት የሚመጣ እንግዳ ይህ ደን ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የኖረ ቢመስለው አይፈረድበትም። አብዛኛው ግን አንድ ጊዜ ተቆርጦ ወይም ነድዶ ካለቀ በኋላ፣ የተከራከሩለት ሰዎች ስላገኘ እንደገና የበቀለ ነው። መንገዱ የሚያልፍበት የዶር ካውንቲ ውበት የመጣው በዚህ በኩል ነው፤ ታሪኩም ከቅጠሉ ባልተናነሰ ሊታይ ይገባዋል።

ካውንቲው በሚሺጋን ሐይቅና በግሪን ቤይ ባሕረ ሰላጤ መካከል እንደ አውራ ጣት ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተቀሰረ፣ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መሬት ነው። ስሙን ያገኘው ጫፉ ላይ ካለው፣ ፈረንሳዮች «የሞት በር» ካሉት ሰርጥ ሲሆን፣ ነፋሱና ከውኃ በታች ያደፈጠው ዐለት ብዙ መርከብ በልቷል። ከሥር ያለው ዐለት የናያጋራ ፏፏቴ የሚወረወርበት የዚያው ረጅም ገደል አካል ነው። በምዕራቡ ዳር ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ በምሥራቁ ቀስ እያለ ሐይቁ ውስጥ ይሰምጣል። አፈሩ በብዙ ቦታ ስስ ነው።

በዚህ መሬት አስቀድሞ የፖታዋቶሚ ሕዝብ ይኖር ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከአውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎች ተከተሉ፤ የኖርዌይ ሞራቪያውያን በ1853 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኤፍሬምን መንደር ቆረቆሩ፣ ቤልጅጎች ደቡቡን ያዙ፣ ከ1870 ጀምሮ ደግሞ አይስላንዳውያን ከጫፉ ማዶ ባለችው ዋሽንግተን ደሴት ሰፈሩ። ብዙዎቹን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያኖራቸው ከእርሻው ይልቅ ዛፉ ነው። በየወደቡ ግንድና ማገዶ ተከመረ፤ መርከቦች እየጫኑ እንደ ቺካጎና ሚልዋኪ ላሉ በፍጥነት ለሚያድጉ ከተሞች አደረሱ።

1871 ድርቅ የበረታበት ዓመት ነበር። እንጨት ቆራጮች ጥለውት የሄዱት ቅርንጫፍና ቅርፊት መሬቱን ሞልቶ ደርቋል፤ ገበሬው ማሳ ለመመንጠር፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛው መንገድ ለመጥረግ በየቦታው እሳት ይለኩሱ ነበር። ኦክቶበር 8 ምሽት ኃይለኛ ነፋስ ተነሣና የተበታተኑትን እሳቶች አንድ አደረጋቸው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የፔሽቲጎ ከተማ ወደመች፤ በአካባቢው ቢያንስ 1,200 ሰው አለቀ። በአሜሪካ ታሪክ የዚህን ያህል ሰው የፈጀ የደን ቃጠሎ የለም። ቺካጎም በዚያችው ሌሊት ነደደች፤ የዓለም ጋዜጦችም ስለ ትልቂቱ ከተማ ጻፉ።

እሳቱ በዶር ካውንቲም በኩል አልፏል። ለጣሪያ ክዳን የሚሆን ስስ ሳንቃ የሚሰነጠቅባት ዊልያምሰንቪል የምትባል የፋብሪካ ሰፈር ነበረች። ነዋሪዎቿ ዛፍ ወዳልነበረበት የድንች ማሳ ሸሽተው ተሰበሰቡ፤ ጥቂቶች የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ከ77ቱ ሰዎች 60ዎቹ ሞቱ። ሰፈሯ ተመልሳ አልተሠራችም፤ ቦታው ዛሬ በ57 ቁጥር ጎዳና ዳር ያለ ትንሽ የካውንቲ ፓርክ ነው። ብዙ መኪና ወደ ሰሜኑ ቅጠል እየተጣደፈ ያልፈዋል። የቸኮለም ቢሆን እዚያ ወርዶ ታሪኩን ቢያነብ፣ ቀጥሎ የሚያየውን ደን በሌላ ዓይን ያየዋል። በዚያው አካባቢ ብራስልስና ናሙር በሚባሉት መንደሮች ከመንገዱ ዳር የቆሙት ቀይ የጡብ ቤቶች የዚያ ሌሊት ምስክሮች ናቸው፤ የቤልጅግ ሰፋሪዎች የእንጨት ቤታቸው ከነደደ በኋላ በጡብ መሥራት ጀመሩ።

ከቃጠሎው በኋላ በነበሩት ዓመታት የካውንቲው መልክ ተለወጠ። ከ1872 ጀምሮ ስተርጅን ቤይ በተባለችው ከተማ አጠገብ የተቆፈረው ቦይ ባሕረ ሰላጤውን ከሐይቁ ጋር አገናኘ፤ መርከቦችም የሞት በርን ሳይዞሩ ማለፍ ቻሉ። ዛፉ እያለቀ ሲሄድ ደግሞ ገበሬው ሌላ ነገር መፈለግ ነበረበት።

መልሱ ቼሪ ሆነ። በ1890ዎቹ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው የአትክልት ሳይንስ መምህር ኤመት ጎፍ እና አርተር ሃች የሚባል አትክልተኛ ስተርጅን ቤይ አጠገብ ፍራፍሬ ተክለው ሞከሩ። ሰው የናቀው ስስ አፈር ለቼሪ ተስማማ፤ ከሥሩ ያለው ዐለት ውኃ አያቁርም። ሐይቁም ሌላ ውለታ ዋለ። በክረምት የቀዘቀዘው ውኃ ቶሎ ስለማይሞቅ የጸደዩን ሙቀት ያዘገያል፤ አበባው የሚፈነዳው ውርጭ ካለፈ በኋላ ነው። ያው ሐይቅ በመጸው በተቃራኒው የበጋውን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ፣ በባሕረ ገብ መሬቱ ላይ ቅጠሉ የሚቀላው ከመሀል አገሩ ዘግይቶ ነው። የዛሬው ጎብኚ በኦክቶበር መጨረሻ እንኳ ቀለም የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቼሪ ለመልቀም ብዙ እጅ ያስፈልግ ነበር። የኦናይዳ ሕዝብ ተወላጆች መጡ፤ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ከቴክሳስ መጡ። በ1945 ደግሞ የተማረኩ የጀርመን ወታደሮች ሳይቀሩ በየአትክልቱ ሥፍራ ባልዲ ተሸክመው ለቀሙ። በኋላ ግንዱን ይዞ የሚያራግፍ ማሽን መጣና የለቃሚዎቹ ሰፈሮች ባዶ ቀሩ። እነዚህ ሰዎች በፖስታ ካርዱ ላይ የሉም፤ መኖር ግን ነበረባቸው።

ጎብኚው በመጀመሪያ የመጣው በውኃ ነው፤ የቺካጎ ሰዎች የበጋውን ወበቅ ሸሽተው በእንፋሎት መርከብ ይደርሱ ነበር። ባቡር ስተርጅን ቤይ የገባው በ1894 ነው። ከዚያ መኪና መጣ። ዊስኮንሲን በ1918 ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ጎዳናዎቿን በቁጥር መለየት ጀመረች፤ ካርታ የማያውቀው ቤተሰብም በየምሰሶው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እየተከተለ ከከተማው ወጥቶ ሐይቁ ዳር ይደርስ ጀመር። የቅዳሜና የእሑድ ሽርሽርም ያኔ ተለመደ።

መንገድ ብቻውን ግን የሚታይ ነገር አይፈጥርም። የከተማ ንድፍ አዋቂው ጆን ኖለን በ1909 ለግዛቲቱ ባቀረበው ጥናት ለፓርክነት ከመረጣቸው ቦታዎች አንዱ በፊሽ ክሪክና በኤፍሬም መንደሮች መካከል ያለው ዳርቻ ነበር። በዚያው ዓመት ፔኒንሱላ ስቴት ፓርክ ተመሠረተ። ቦታው የተነካ ነበር፤ እርሻዎች ነበሩበት፣ መጥረቢያም ገብቶበታል። ዛሬ 1,500 ሄክታር ገደማ በሚሸፍነው በዚህ ፓርክ መኪና የሚነዳ ሰው የሚያልፈው፣ በአንድ ወቅት ማሳ በነበረ መሬት ላይ በቆመ ደን መካከል ጭምር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ትግል የተደረገው ግን በቤይሊስ ሃርበር መንደር ነው። እዚያ ሐይቁ በዘመናት ውስጥ እየሸሸ ትቷቸው የሄደ የአሸዋ ሸንተረሮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ሸንተረር አንድ ጊዜ የውኃ ዳር ነበር። በመካከላቸው ባለው ረግረግ ከ25 የሚበልጡ የኦርኪድ ዓይነቶች ይበቅላሉ። በ1930ዎቹ ይህ ቦታ ለተጎታች ቤቶች ማቆሚያ ሊሆን ታቀደ። ተቃውሞ ካስነሡት መካከል ዴንማርክ የተወለደው የመልክአ ምድር ንድፍ አዋቂ የንስ የንሰን ይገኝበታል፤ በ1935፣ በ75 ዓመቱ፣ ኤሊሰን ቤይ ላይ «ዘ ክሊሪንግ» የተባለውን ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ከሚልዋኪ ሙዚየም አልበርት ፉለር የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ፣ ከመንደሩ ደግሞ ኤማ ቶፍት አብረው ቆሙ። በ1937 ቦታው «ዘ ሪጅስ» በሚል ስም ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ኤማ ቶፍት የምትናገረውን ታውቅ ነበር፤ ቤተሰቧ ሌላው ሁሉ ዛፉን ሲሸጥ የራሱን ሳይቆርጥ ያቆየ ነው። ቶፍት ፖይንት የሚባለው ያ መሬት ዛሬም ተጠብቆ ይኖራል።

ኒውፖርት የተባለችው የእንጨት ቆራጮች መንደር ዕጣ ሌላ ነው። በ1880ዎቹ ወደብ፣ ሱቅና ፖስታ ቤት ነበራት። ዛፉ ሲያልቅ ሰዉም ሄደ። መሬቱን ፈርዲናንድ ሆትስ የተባለ የቺካጎ ጌጣጌጥ ነጋዴ ገዛው፤ በ1960ዎቹ ግዛቲቱ ተረክባ ፓርክ አደረገችው። የዛሬው እግረኛ በጫካው ውስጥ የሚያልፍባቸው የመሠረት ድንጋዮች የዚያች መንደር ቤቶች ነበሩ።

ከጉዞ በኋላ ሲመሽ በየመንደሩ ሰው የሚሰበሰበው ፊሽ ቦይል በሚሉት ምግብ ዙሪያ ነው። ትልቅ የብረት ድስት በእንጨት እሳት ላይ ይጣዳል፤ ጨው የበዛበት ውኃ ሲፈላ መጀመሪያ ድንች፣ ከዚያ ሽንኩርት፣ በመጨረሻም ከሐይቁ የተጠመደ ዋይትፊሽ ይገባል። የዓሣው ስብ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ አብሳዩ እሳቱ ላይ ላምባ ይደፋል፤ ነበልባሉ ድስቱን ውጦ ይነሣል፣ ውኃውም ገንፍሎ ስቡን ይዞ ይወርዳል። የስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎችና እንጨት ቆራጮች ብዙ ሰው በአንድ ድስት የሚያበሉበት ዘዴ ነበር፤ ለእንግዳ ትርኢት የሆነው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። በኤፍሬም ግን ከምግቡ ጋር ቢራ ማዘዝ የተፈቀደው ነዋሪዎቹ በ2016 ድምፅ ከሰጡ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት በፔኒንሱላ ፓርክ ከ1932 ጀምሮ የቆመው ኢግል ታወር እንጨቱ ስለደከመ ፈረሰ። ወደ ላይ የሚያደርሰው ደረጃ ብቻ ስለነበር፣ መራመድ የማይችል ሰው ያንን እይታ በወሬ ብቻ ነበር የሚያውቀው። በ2021 የተከፈተው አዲሱ ማማ ግን 260 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በዛፎቹ ጫፍ መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ አለው። በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰውም፣ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናትም በቀዩ ቅጠል መካከል አልፈው አናቱ ላይ ይደርሱና ባሕረ ሰላጤውንና ደሴቶቹን ከሌላው ጎብኚ እኩል ያያሉ።