ፍጻሜው እየታወቀ ልብ የሚሰቀለው ለምንድን ነው?

ጥሩ የልብ ወለድ አጀማመር ፍጻሜውን አጥብቆ የሚደብቅ ነው የሚል አስተያየት በመካከላችን ሥር ሰዷል። ጀማሪ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን ገጽ በጨለማ፣ በነጎድጓድና ማንነቱ በማይታወቅ ሰው ኮቴ የሚሞሉትም ለዚህ ይመስላል። ግን ልብ ሰቀላ ማለት መደበቅ ብቻ ነው እንዴ? የአማርኛን ልብ ወለድ ታሪክ መለስ ብለን ብናይ መልሱ ሌላ ነው።

ንግር፣ ማለትም የሚመጣውን አስቀድሞ ማመልከት፣ ከፈረንጅ የተዋስነው ብልሃት አይደለም። ገድሎቻችንን እንመልከት። የተክለ ሃይማኖት ነገር ገና ሳይወለዱ ለእናታቸው ለእግዚእ ኀረያ በመልአኩ በሚካኤል ተነግሯል። ሰሚው የሚመጣውን ያውቃል፤ ያም ሆኖ ጆሮውን አይነሣም። እንዴት እንደሚፈጸም ማየት ይፈልጋላ!

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚነሣው ከጦርነትና ከሽንፈት ነው። የጦቢያና የዋሕድ አባት ይማረካል፤ አንድ ነጋዴ በቸርነቱ ይደርስለታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ታሪኩን የሚገፋው ጦርነቱ ሳይሆን ውለታው ነው። ዋሕድ ከቤት የሚወጣው ያንን ውለታ ለመመለስ ነው፤ መከራውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ያወጡትን መጽሐፍ «የልብ አሳብ፡ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» አሉት። ጋብቻው ሽፋኑ ላይ ተነግሮ አለቀ! ለእሳቸው ዋናው ነገር ትምህርቱ ስለሆነ አንባቢን ማስጨነቅ አላስፈለጋቸውም።

ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ፍጻሜውን በርእሱ ተናገሩ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? መጽሐፉ የሚጀምረው ከፍቅረኞቹ ሳይሆን ከማንኩሳ፣ ከበዛብህ እናትና አባት ከውድነሽ በጣሙና ከቦጋለ መብራቱ ነው። ሕፃኑ በሕመም ሲያስቸግራቸው ለእግዚአብሔር ይሳላሉ፤ ልጁ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆን፣ ሚስትም እንዳያገባ። ሰብለ ወንጌል ገና አልታየችም፤ ፍቅሩ ግን ከወዲሁ ዕዳ አለበት። በኋላ በዛብህ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት መምህር ሆኖ ሲገባ እኛ የምንፈራለት ፊታውራሪውን ብቻ አይደለም፤ ያንን ስለትም ነው። የነጋዴውን ውለታ ዋሕድ አውቆት ሊመልስ ይሄዳል፤ የበዛብህን ዕዳ ግን የገቡለት ሌሎች ናቸው። ልብ የሚሰቀለው እዚህ ላይ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው ርእሱን የማያውቅ አድማጭ አልነበረም፤ ሆኖም «ያው ይሞታሉ» ብሎ ሬዲዮውን የዘጋ ማን አለ?

በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» ደግሞ በርእሱ «አበቃ፣ አከተመ» ይላል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለዘመቻ ሥራ አሥመራ ይወርዳል። አንባቢው አንድ ነገር እንደሚያከትም ያውቃል፤ ፍቅሩ ይሁን፣ ዘመቻው ይሁን፣ እምነቱ ይሁን ግን እያነበበ ይፈልጋል። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ዛሬ ርእሱን የሚያነብ ሰው በልብ ወለዱ ላይ የደራሲውንም ዕጣ ይጨምርበታል።

እንግዲህ ከነዚህ ሥራዎች የምንማረው አንድ ነገር ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያስፈልገው ምሥጢር ሳይሆን ዕዳ ነው፤ ውለታ ይሁን፣ ስለት ይሁን፣ የተሰጠ ቃል ይሁን፣ ሳይከፈል ታሪኩ የማያልቅ ነገር። ተደብቆ የቆየ ምሥጢር አንዴ ከታወቀ መጽሐፉ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ዕዳ ያለበት ታሪክ ግን ፍጻሜውን እያወቅነውም እንደገና ይነበባል፤ በእያንዳንዱ ንባብ «ምናለ ስለቱ ባይኖር!» እንላለንና። ነጎድጓዱስ? ነጎድጓዱ ለክረምት ይቆየን።