የጣዝማ ደጅ እንግዶች

የዛሬዋ ጭሮ በልጅነቴ አሰበ ተፈሪ ነበረች። አያቴ በዙሪያዋ ባሉት የጨርጨር ተዳፋቶች ላይ ከመሬት በታች የምትኖረውን ንብ፣ ጣዝማን፣ ይቆፍር ነበር። አደይ ሲፈነዳ ማለዳ ይወጣል፤ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ሲያገኝ ቀጭን ሰርዶ ሰድዶ መንገዷን እየተከተለ ይወርዳል። አንዳንዴ ጉድጓዱ ወገቡን ይውጠዋል። ከታች፣ ንቦቹ ከሰም በሠሯቸው ትንንሽ እንስራዎች ውስጥ ቀጭን፣ ጎምዘዝ ያለ ማር ይጠብቀዋል። ለሳልና ለጉሮሮ መድኃኒት ነው ስለሚባል እናቶች በብልቃጥ ይገዙታል።

አንድ ቀን ከቀዳዳዋ አጠገብ ቅጠል ላይ የተሰበሰቡ ንቦች ዐየሁ።

«አባባ፣ እነዚህ ለምን አይገቡም?»

«እንግዶች ናቸው ልጄ፤ ቤታቸው ሌላ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ድንጉላዎች፣ ማለትም ወንድ ንቦች ናቸው። እንደ ጣዝማ ያሉ መናደፊያ የሌላቸው ንቦች ብዙ ድንጉላ የሚያሳድጉት ቀለብ ሲተርፋቸው ነው። የማር ንብ ድንጉላ ማታ ቀፎው ይመለሳል፤ የእነዚህ ግን አንዴ ከወጣ የተወለደበትን ቤት ዳግም አያይም። አዲስ ንግሥት ያለችበትን ደጅ ፈልጎ፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ ይጠብቃታል። ድንጉላ ማለት አንዱ ቤት ለጎረቤቱ የሚሰጠው ዘር ነው።

ሳይንስ ጣዝማን የመዘገባት በ1879 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጣሊያናዊው ግሪቦዶ በአገሩ ሰው በቤካሪ ስም ሰየማት። ቆፋሪዎቻችን ግን ቀድመው ያውቋት ነበር። ያላወቁት አንድ ነገር ነው፦ እንቁላል መጣል የጀመረች ንግሥት ሆዷ ስለሚከብድ መብረር አትችልም። ዶማው ሲደርስ የምትሸሽበት የላትም። አዲስ ቤትም በአንድ ቀን አይቆምም፤ ሠራተኞቹ ከእናት ቤት ሰምና ማር ለሳምንታት እያመላለሱ ይሠሩታል። አበባው የበዛበት ወቅት የድንጉላም የቁፋሮም ወቅት ስለሆነ፣ የአያቴ ዶማ አንድ ቤት ብቻ አላፈረሰም፤ ያ ቤት ሊድራቸው የነበሩትንም ጭምር አስቀረ።

ይህን የምጽፈው አያቴን ለመውቀስ አይደለም፤ ያሳደገን ያ ማር ነው። ዛሬ ግን ከሂርና እስከ ገለምሶ ተዳፋቱ ጫት ለብሷል፤ ቁጥቋጦውም ሳስቷል። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ጣዝማን ከነንግሥቷ ወደ ቀፎ ማዛወርን ሞክሯል። የአያቴን ዓይን የወረሱ የጨርጨር ልጆች ይህን ሙያ ቢማሩ፣ ማሩ ይወሰዳል፤ ንግሥቲቱ ትቀራለች። እንግዶቹም ሲመጡ ደጁ ይጠብቃቸዋል።