ካርዱና ሣጥኑ

በቅኔ ቤት ግስ የሚያወርድ ተማሪ የግእዙን ቃል ከነአማርኛ ፍቺው በተራ ያጠናል። ቃልን ደጋግሞ በልብ ማኖር ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በተራ የተጠና ቃል ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ከጎረቤቱ ጋር ካልተጠራ አልመጣም የሚልበት ጊዜ አለ። ተማሪው ቃሉን ያወቀ ይመስለዋል፤ የሚያውቀው ግን ተራውን ነው።

የባዕድ ቋንቋ ተማሪዎች የሚገለገሉበት የቃላት ካርድ ይህን ተራ ያፈርሳል። በፊቱ የባዕዱ ቃል፣ በጀርባው ፍቺው ይጻፋል፤ ካርዶቹ ሲደባለቁ ቃሉ ብቻውን ይጠየቃል። መቼ እንደሚጠየቅ ግን ካርዱ አይናገርም።

ለዚህ መሠረት የጣለው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። አጥኚውም ተጠኚውም ራሱ ሆኖ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ለዓመታት ሲሸመድድ ቆይቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚፈጥን፣ ኋላም እየዘገየ እንደሚሄድ ለካ። ለቋንቋ ተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላው ግኝቱ ነው። 12 ክፍለ ቃላት ያሉትን ዝርዝር በአንድ ጊዜ 68 ጊዜ መደጋገምና በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ መደጋገም ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆነ። ሠላሳ ድግግሞሽ ተረፈ ማለት ነው።

ዕውቀቱ በቀላል ዕቃ መልክ ወደ ተማሪው ጠረጴዛ እስኪወርድ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ። ጋዜጠኛው ሴባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ አምስት ክፍል ያለው ሣጥን አስተዋወቀ። አዲስ ካርድ ሁሉ ከመጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ በትክክል የተመለሰው ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ የተሳሳተው የትም ይድረስ የት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ክፍሎቹ እየሰፉ ስለሚሄዱ የፊተኛው ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይጠየቃል። ከአራተኛው ክፍል ወደ አንደኛው መውረድ ጭካኔ ይመስላል፤ ሆኖም ተማሪ በጠባዩ የሚያውቀውን ቃል መደጋገም ይወድዳልና ሣጥኑ የሚሸሸውን ቃል ፊቱ ያቆምበታል።

እ.ኤ.አ. በ1987 ፖላንዳዊው ፒዮትር ቮዝኒያክ የየካርዱን ቀጠሮ ለኮምፒዩተር ሰጠው፤ ከ2006 ወዲህ ደግሞ «አንኪ» የተባለው ፕሮግራም ይህንኑ በየአገሩ አዳረሰ። ቀኑን የመምረጥ ጣጣ ቀረ። ጀርባው ላይ የሚጻፈውን ፍቺ መምረጥ ግን አሁንም የተማሪው ሥራ ነው፤ ተርጓሚዎችም የሚቸገሩት እዚሁ ላይ ነው። አማርኛ የሚማር ባዕድ በ«ነገር» ጀርባ አንድ ፍቺ ብቻ ጽፎ ቢያልፍ፣ ገበያ መካከል «ይህ ሰው ነገር ይፈልጋል» ሲባል ሰውዬው ዕቃ የጠፋበት ይመስለዋል።