ከሕዋስ ቅርጽ ወደ ፕሮቲን፦ የአንጎል ዕጢ ደረጃ አወሳሰን ታሪክ



ከበቾ ቦሬም ይምጣ ከአጋሮ፣ የአንጎል ዕጢ የተገኘበት ሰው ቤተሰብ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ዕጢው ምን ዓይነት ነው? ምን ያህል ዕድሜስ ይሰጠዋል? የዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ማስረጃ እንዴት እንደተለወጠ ይመለከታል።

ቤይሊና ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1926 የግሊዮማ ዕጢዎችን ሲመድቡ የተመሠረቱት በማይክሮስኮፕ በሚታይ የሕዋስ ቅርጽ ላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1979 የመጀመሪያውን ምደባ ሲያወጣም መንገዱ ብዙ አልራቀም። ሁለት ፓቶሎጂስቶች በአንድ ስላይድ ላይ ሳይስማሙ መቅረታቸው እንግዳ ነገር አልነበረም።

ፕሮቲን ወደዚህ ታሪክ የገባው ዕጢን ከማይመለከት ጥናት ነው። ሎረንስ ኤንግ በካሊፎርኒያ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ታማሚዎችን የአንጎል ጠባሳ ሲመረምር ጂኤፍኤፒ የተባለውን ፕሮቲን ለየ። ፕሮቲኑ የአስትሮሳይት ሕዋሳት መለያ በመሆኑ የዕጢውን ወገን ይጠቁማል፤ ደረጃውን ግን አይናገርም።

ስለ ዕድገት ፍጥነት የተናገረው ኪ-67 ነው። ጌርደስና ባልደረቦቹ አንቲቦዲውን በ1983 ይፋ ያደረጉት በጀርመኗ ኪል ከተማ ነው፤ «ኪ» ከከተማዋ ስም የተወሰደ ሲሆን 67 ደግሞ አንቲቦዲውን ያመነጩት ሕዋሳት ያደጉበት የሳህን ጉድጓድ ቁጥር ነው። ፕሮቲኑ በመባዛት ዑደት ውስጥ ባሉ ሕዋሳት እንጂ ባረፉት ላይ አይታይም። ሆኖም ያ አንቲቦዲ የሚሠራው ትኩስ ሆኖ በበረደ ናሙና ላይ ብቻ ነበር፤ ጥልቅ ማቀዝቀዣና የማይቋረጥ መብራት ለሌለው ላቦራቶሪ እንዳልተፈለሰፈ ያህል ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሚብ-1 የተባለው አንቲቦዲ መጣ። ስላይዱ በማይክሮዌቭ ምድጃ ሲሞቅ በፎርማሊን ቆይቶ በፓራፊን የተቀበረውን ናሙናም ማቅለም ተቻለ። የፓራፊን ብሎክ ያለ ማቀዝቀዣ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማም በአውቶቡስ ይጓዛል። በእኔ ግምት ከኪ-67 መገኘት ይልቅ ለእኛ የሚበልጠው ይህ እርምጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ቆጠራው ዛሬም ከዓይን ዓይን ይለያያል፤ ብቻውንም ደረጃ አይወስንም።

በ2008 የአይዲኤች-1 ዘረመል ለውጥ በግሊዮብላስቶማ ጥናት ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች የተለወጠውን ፕሮቲን ብቻ የሚለይ አንቲቦዲ ሠሩ። ለውጡ ያለባቸው ታማሚዎች በአመዛኙ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ። በ2021 የወጣው አምስተኛው ምደባም በአዋቂዎች «ግሊዮብላስቶማ» የሚለውን ስም የአይዲኤች ለውጥ ለሌለባቸው ዕጢዎች ብቻ ተወው። በስላይድ ላይ የሚመሳሰሉ ሁለት ዕጢዎች ስማቸው ተለያየ።

አንድ ነገር ላክል። ያ አንቲቦዲ የሚያገኘው በጣም የተለመደውን የአይዲኤች-1 ለውጥ ነው፤ ሌሎቹን አያይም። ናሙናው ወደ ፎርማሊን ዘግይቶ ከገባ ደግሞ ያለውም ለውጥ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በሠላሳ ዓመት ወጣት ላይ ውጤቱ አሉታዊ ሲሆን፣ ዘረመሉ እስኪነበብ ድረስ በሪፖርቱ ላይ «ለውጥ የለም» ብሎ መጻፍ አይቻልም።