ውሻ ጌታውን የሚከተለው ለፍርፋሪ ብቻ ነው?



«ዶክተር፣ ውሻችን ልጄን ሽንት ቤት ድረስ ይከተለዋል፤ ሲተኛም በሩ ሥር ይተኛል። ይሄ ጤነኛ ነገር ነው?» የሚል ጥያቄ ውሻ ካላቸው ወላጆች ይመጣልኛል። አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ በአብዛኛው ጤነኛ ነገር ነው። ረጅሙ መልስ ግን አሥራ አራት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይወስደናል። ዛሬ እሱን ላውጋችሁ። መጨረሻው አካባቢ የልጆቻችሁን ሕይወት የሚመለከት ነገር ስላለ ሳታቋርጡ አንብቡት።

በአገራችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። የሚከተለን፣ በር ላይ የሚያድርልን ለፍርፋሪው ነው ማለት ነው። ሐሰት አይደለም። የውሻ ቅድመ አያት ግራጫው ተኩላ ነው፤ ደፋር የሆኑት ተኩላዎች የአዳኞችን ሰፈር ትርፍራፊ ፍለጋ ቀስ በቀስ ወደ ሰው ሳይቀርቡ አልቀሩም የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ሰው ራሱ ግልገሎቹን ወስዶ አሳድጎ ነው ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም። ነገር ግን ጀርመን አገር የተገኘ አንድ መቃብር በፍርፋሪ ብቻ የማይፈታ ነገር ይዟል።

እ.ኤ.አ. በ1914 ቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች የጥንት መቃብር አገኙ። ውስጡ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና የእንስሳ አጥንቶች ነበሩ። የእንስሳው አጥንት የውሻ መሆኑ የታወቀው ስድሳ ዓመት ያህል ተቀምጦ ከቆየ በኋላ ነው። መቃብሩ 14 ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በ2018 የእንስሳት ሐኪምና የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ የሆነው ሉክ ያንሰንስ ከባልደረቦቹ ጋር የዚህን ቡችላ ጥርሶች መርምሮ ያወጣው ጽሑፍ እኔን እንደ ሐኪም በጣም ነው የገረመኝ።

ጥርስ በሚሠራበት ጊዜ ከባድ ሕመም ካለ ሽፋኑ ላይ ምልክት ትቶ ያልፋል። የልጆቻችን ጥርስም እንደዚሁ ነው፤ በሕፃንነት ያሳለፉት ጽኑ ሕመም ወይም የምግብ እጥረት ጥርሳቸው ላይ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። የዚያ ቡችላ ጥርስም ዲስቴምፐር በሚባለው የውሾች የቫይረስ በሽታ እንደተያዘ የሚጠቁም ምልክት ነበረበት። ዕድሜው 19 ሳምንት ገደማ ሲሆን ታመመ፤ በሽታው ደጋግሞ ጣለው፤ ሆኖም የሞተው በ27 እና በ28 ሳምንት መካከል ነው። ዲስቴምፐር ያስቀምጣል፣ ያስታውካል፣ ቆይቶም ያንቀጠቅጣል። እንዲህ የታመመ ቡችላ የሚንከባከበው ካላገኘ በአጭር ጊዜ ይሞታል። ስለዚህ አንድ ሰው ውሃ አጠጥቶታል፣ ጠርጎታል፣ አሙቆታል ማለት ነው። ለምን ብሎ? ያ ቡችላ ያኔ አያድን፣ አይጠብቅ፣ አይጮኽ። ትርፍ የለውም። እዚህ ጋ ተረቱ ተገለበጠ፤ የጠበቀው ሰው ነው፣ የተጠበቀው ውሻው።

በሰሜን እስራኤል፣ ዓይን መላሐ በተባለ ቦታ ደግሞ 12 ሺህ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሌላ መቃብር ተገኝቷል። የሟቹ እጅ ያረፈው ቡችላ ላይ ነው።

እሺ፣ ሰው መውደዱስ ይሁን፤ ውሻውስ እንዴት እንዲህ ሆነ? ለዚህ ሩቅ ሳይቤሪያ መሄድ አለብን። እ.ኤ.አ. በ1959 ዲሚትሪ ቤልያየቭ የተባለ ሩሲያዊ የዘር ሳይንቲስት፣ ኋላ ሥራውን ከቀጠለችው ከሉድሚላ ትሩት ጋር፣ ኖቮሲቢርስክ አካባቢ ለቆዳቸው የሚረቡ ቀበሮዎችን መምረጥ ጀመረ። መስፈርቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰውን የማይፈሩት ይራቡ። ማንም አላሠለጠናቸውም። በስድስተኛው ትውልድ ሰው ሲያዩ ጭራቸውን የሚቆሉ፣ ሲሄዱባቸው የሚያላዝኑ ግልገሎች ተወለዱ። ሰውን መፈለግ በዘር ሊተላለፍ ይችላል ማለት ነው። ውሻችሁ የሚከተላችሁ ስላስተማራችሁት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ወላጆች ጉዳይ ልምጣ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው የታሪኩ ክፍል ይሄ ነው።

ሜሪ ኤይንስወርዝ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1950ዎቹ ዩጋንዳ ውስጥ፣ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች፣ እናቶችና ሕፃናትን ቤታቸው እየሄደች ታይ ነበር። ያየችውን ማንኛችሁም ታውቁታላችሁ። ሕፃኑ እየዳኸ ከእናቱ ይርቃል፣ ዞር ብሎ ያያታል፣ አለች? አለች። እንደገና ይሄዳል። እንግዳ ሰው ሲመጣ ተመልሶ እግሯ ሥር ይሸጎጣል። እናቱ ለሕፃኑ የመነሻም የመመለሻም ቦታ ናት። ኋላ አሜሪካ ውስጥ ይህንን የሚለካ ፈተና አዘጋጀች፤ ሕፃኑ በማያውቀው ክፍል ከእናቱ ጋር ይቆያል፣ እንግዳ ይገባል፣ እናት ትወጣለች፣ ትመለሳለች፤ በየመሃሉ ሕፃኑ የሚያደርገው ይመዘገባል።

በ1998 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ያንኑ ፈተና ለ51 ውሾች ሰጡ። ውሾቹ ጌታቸው ሲኖር ክፍሉን ይዞራሉ፣ ይጫወታሉ፤ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲመለስ ሮጠው ይቀበላሉ። እንግዳው ሰው ቢያጫውታቸውም የጌታቸውን ቦታ አልተካም። ልክ እንደ ሕፃን። ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን የሚከተላችሁ ውሻ ሥጋ ሽቶ ብቻ አይደለም፤ እናንተ ካላችሁበት ዓለሙ ሰላም ነው።

እናቶች «ኦክሲቶሲን» የሚለውን ስም በወሊድ ጊዜ ሰምታችሁ ይሆናል። ምጥ ለማገዝና ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የምንሰጠው መርፌ ነው። ሰውነታችሁም ራሱ ያመርተዋል፤ ጡት ስታጠቡና ልጃችሁን ዓይን ለዓይን ስታዩ ይጨምራል። በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ውሾችና ጌቶቻቸው ለረጅም ጊዜ ሲተያዩ ይኸው ሆርሞን በሁለቱም ላይ እንደሚጨምር አሳዩ። በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ላይ ግን ይህ አልታየም። ለዚህ ነው ውሻችሁ ከሶፋው ሥር ሆኖ ፈዞ የሚያያችሁ።

ጃፓን ካነሳን ሐቺኮን ሳንጠቅስ አናልፍም። ጌታው ፕሮፌሰር ኡዌኖ በ1925 ሥራ ቦታው ላይ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ። ውሻው እስከ 1935 ድረስ፣ እስኪሞት ማለት ነው፣ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ጠበቀው። «ጣቢያው አካባቢ የሚጥሉለት ምግብ ለምዶ ነው» የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ደስ የሚል ነው። ነገር ግን አብሮ የሚተኛ፣ የሚልስ፣ ልጅ የሚከተል እንስሳ በሽታውንም ይዞ ነው የሚከተለው። የእኛው ባሌ ተራሮች ምስክር ናቸው። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ከቤት ውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ክፉኛ አለቀ። በ2010 ደግሞ ያ የኦበርካሰልን ቡችላ ያሠቃየው ዲስቴምፐር መጣበት። ዲስቴምፐር ሰውን አያጠቃም። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ያጠቃል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ሰውን ማዳን አይቻልም ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው።

ከምልክቱ በፊት ግን ማዳን ይቻላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 አንዲት እናት በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጇን፣ ዮሴፍ ማይስተርን፣ ፓሪስ ድረስ ይዛ ወደ ሉዊ ፓስተር ሄደች። ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የወጋው ሌላ ዶክተር ነው። ልጁ ዳነ፣ አድጎም ትልቅ ሰው ሆነ። ዛሬ ያ እናት የሄደችውን ያህል ርቀት መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ መዘግየት ግን የለባችሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱ አሥር ሰዎች አራቱ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ልጆች ደግሞ አይናገሩም። «ውሻዬን ይገሉብኛል» ብለው፣ ወይም ቁጣችሁን ፈርተው ይደብቃሉ። ስለዚህ «ቢነክስህም ቢቧጭርህም አልቆጣህም፣ ንገረኝ» በሏቸው፤ ደጋግማችሁ በሏቸው። ከተነከሱ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ በሰዓት ያዙት። ቅጠልም በርበሬም አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ «የራሳችን ውሻ ነው» ብላችሁ አትቅሩ። በቆሰለ ቆዳ ላይ መላስም እንደ ንክሻ ይታያል።

ውሻው ጠባዩን ከቀየረ አስተውሉ። ሲከተላችሁ የኖረው በድንገት ጨለማ ጥግ ከተደበቀ፣ ወይም ይሸሻችሁ የነበረው በድንገት ከተጣበቀባችሁ፣ ድምፁ ከሻከረ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ልጆቹን አርቁና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ያረጀ ውሻ ከወትሮው ይልቅ የሚከተለው ዓይኑ ወይም ጆሮው ስለደከመም ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ያው ሐኪሙ ይለየዋል። የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ሕፃን ልጅን ከውሻ ጋር ብቻቸውን ትታችሁ አትውጡ።

ቡችላችሁ ሦስት ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያግኝ፤ ቀጣዩን ቀን ሐኪሙ ይነግራችኋል። የክትባት ካርዱን ከልጆቻችሁ ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፤ ያኔ ቀጠሮው አይረሳም።